የእንፋሎት ባቡር በአውሮፓ፦ አንዱ አገር ቶሎ ሲጥለው ሌላው ለምን አቆየው?

የሐዲድ ወዳጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አውሮፓ የእንፋሎት ባቡሮች የመጨረሻ ዓመታት ሳነብ አንድ ነገር አልገባ ብሎኛል (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)። የብሪታንያ ምድር ባቡር የመጨረሻውን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ፣ “ኢቭኒንግ ስታር” የተባለውን፣ ስዊንደን ከሚገኘው ፋብሪካው ያወጣው በ1960 ነበር። ይኸው ሎኮሞቲቭ ገና በአምስት ዓመቱ ከሥራ ወጣ፤ በኦገስት 1968 ደግሞ በአገሪቱ ዋና መስመሮች ላይ መደበኛ የእንፋሎት አገልግሎት ጨርሶ ቆመ። ምዕራብ ጀርመን ግን እስከ 1977፣ ምሥራቅ ጀርመን እስከ 1988፣ ፖላንድም በአንድ አካባቢ እስከ 2014 ድረስ መንገደኞችን በእንፋሎት ስታመላልስ ቆይታለች። ልዩነቱ የሀብትና የድህነት ጉዳይ ብቻ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው?

መካኒኩ

ሀብት ድርሻ ቢኖረውም፣ በብሪታንያ በኩል ዋናው ምክንያት የሰው ጉልበት ነው ብዬ አምናለሁ። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ብዙ ሰው የሚፈልገው ሐዲድ ላይ ሳይሆን ዴፖ ውስጥ ነው። የቀዘቀዘ ቦይለር በቂ እንፋሎት እስኪሰጥ ድረስ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ፣ ማለዳ ለሚነሣ ባቡር እሳቱ የሚለኮሰው በሌሊት ነው። ባቡሩ ማታ ሲገባም ሥራው አያልቅም። አንድ ሠራተኛ የምድጃውን ዝቃጭ በረጅም ብረት እየፋቀ ያወርዳል፣ ከሥር ያለውን የአመድ ሣጥን ያራግፋል፣ ከዚያም ከፊት ያለውን ክብ በር ከፍቶ በውስጡ የተከመረውን ጥቀርሻና ያልነደደ የከሰል ፍርፋሪ በአካፋ እየዛቀ ያወጣል፤ ነፋስ ካለ አመዱ ተመልሶ ፊቱ ላይ ይበተናል። ቦይለሩም ውሃው ትቶት የሚሄደው ደለል እንዳይጋገርበት በየጊዜው እየቀዘቀዘ መታጠብ አለበት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ንጹሕ የፋብሪካ ሥራ እንደ ልብ ይገኝ ስለነበር፣ ወጣቱ ይህን ዓይነት ሥራ ሸሸው። በዚያ ላይ ሎኮሞቲቩ ከሚያነደው ከሰል ወደ ጉልበት የሚለወጠው ከመቶ አሥር እጅ እንኳ አይሞላም።

ሆኖም አፈጻጸሙ የችኮላ ነበር። በ1955 የወጣው የዘመናዊነት ዕቅድ በናፍጣና በኤሌክትሪክ መተካትን ካወጀ በኋላ፣ በቂ ሙከራ ያልተደረገባቸው የናፍጣ ሎኮሞቲቮች በብዛት ታዘዙ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ እንተካቸዋለን ካሏቸው የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ራሳቸው ተጣሉ። ከ1951 እስከ 1960 በአዲስ ንድፍ የተሠሩት 999 የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ገና ብዙ ሊያገለግሉ ሲችሉ ለቁርጥራጭ ብረት መሸጣቸው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ነዋሪ በጀርመን

መካኒኩ ስለ ጉልበት ያሉት ትክክል ነው፤ የምሥራቅ ጀርመንን ታሪክ ግን ያለ ነዳጅ ጉዳይ መረዳት አይቻልም። የአገሪቱ ምድር ባቡር ብዙ ከባድ ሎኮሞቲቮቹን ከሰል ከማንደድ ወደ ጥቁር ዘይት ቀይሯቸው ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሶቪየት ኅብረት የምትልከውን ዘይት ስትቀንስ ግን እነዚህ ቆሙ፤ ሥራቸው ሊያልቅ ተቃርቦ የነበሩት ከሰል የሚያነዱ አሮጌዎች ደግሞ ተፈላጊ ሆነው ተጨማሪ ዓመታት አገኙ። ዘይት የማያጥራት ምዕራብ ጀርመን በኦክቶበር 1977 ራይነ በተባለው ዴፖ የመጨረሻውን እሳት አጥፍታ፣ ከዚያ በኋላ እስከ 1985 ድረስ ለጉብኝት እንኳ በዋና ሐዲዶቿ ላይ እንፋሎት እንዳይሄድ ከልክላለች።

አንድ ማስተካከያም ልጨምር። በ1988 ያበቃው በመደበኛው ስፋት ሐዲድ ላይ ነው። በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን፣ በሃርስ ተራሮች ባለው የአንድ ሜትር ስፋት መስመር ከ1954 እስከ 1956 የተሠሩ ሎኮሞቲቮች ዛሬም በጊዜ ሰሌዳ ወደ ብሮከን ተራራ ጫፍ ይወጣሉ። ድራይ አነን ሆነ ጣቢያ ቆሜ ሳይ፣ እሳቱን የሚመግበው ረዳት ሎኮሞቲቩ ላይ ወጥቶ የውሃ ማፍሰሻውን ክንድ ወደ ታንኩ አፍ እየሳበ ሲሞላ፣ ነጂው ደግሞ ከታች እየዞረ መገጣጠሚያዎቹን በእጁ ጀርባ እየነካ ሙቀታቸውን ይፈትሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው አቀበት ለማሽኑም ለረዳቱም ከባድ ነው።

ከፖዝናን መንገድ

የፖላንድን ነገር ሁለቱም ስላልነኩት ልሙላ። ፖላንድ የራሷ የሲሌዢያ ከሰል ነበራት፤ ቢሆንም ቮልሽቲን በተባለችው ከተማ እንፋሎቱ ከሌላው አገር ዘግይቶ የቀረው በከሰሉ ብቻ አይደለም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የእንፋሎት ባቡር መንዳት የሚመኙ የውጭ አገር ሰዎች፣ በተለይ እንግሊዛውያን፣ እየከፈሉ ከፖላንዳውያን ነጂዎች ጋር መደበኛውን የመንገደኛ ባቡር እንዲነዱ ተፈቀደላቸው፤ ገንዘቡም አገልግሎቱን ደገፈ። በ2014 ተቋርጦ ከሦስት ዓመት በኋላ በተወሰኑ ጉዞዎች ቀጥሏል። በቦስኒያ፣ ቱዝላ አካባቢ ባሉ የከሰል ማዕድን ማውጫዎች ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተነደፉ ጀርመን ሠራሽ ሎኮሞቲቮች በዚህ ምዕተ ዓመትም ፉርጎ ሲጎትቱ ኖረዋል። እዚያ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ማገዶው ከደጃፍ ይወጣል፣ ጠጋኙም የማዕድኑ የራሱ ሠራተኛ ነው።

የሐዲድ ወዳጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ብሪታንያ ቀድማ ከጣለች፣ ዛሬ ያን ያህል የሚሠሩ አሮጌ ሎኮሞቲቮች እንዴት ተረፉላት?

መካኒኩ

ብዙዎቹ የተረፉት በደቡብ ዌልስ፣ ባሪ ከተማ በነበረ አንድ የብረት ቆራጭ ግቢ ነው። ባለቤቱ ወደ 300 የሚጠጉ ሎኮሞቲቮች ገዝቶ ነበር፤ ነገር ግን አሮጌ ፉርጎዎችን መቁረጥ ይቀል ስለነበር ሠራተኞቹን በዚያ ላይ አሰማርቶ ሎኮሞቲቮቹን ለኋላ አቆያቸው። እነርሱም በባሕር ነፋስ እየዛጉ ሲጠብቁ፣ የወዳጆች ማኅበራት ገንዘብ እያዋጡ አንድ በአንድ ገዟቸው። በዚህ መንገድ 213 ወጥተዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከዓመታት ጥገና በኋላ ዛሬ እንደገና በእንፋሎት ይንቀሳቀሳሉ።