ታግ ስናደርግ አፑ ራሱ ቢልድ ይሁን፦ የጋራ ዕቅድ ረቂቅ

ጸሐፊ፦
የዘመን መቁጠሪያ አፓችን ላይ የኅዳሩ ነገር እንዳይደገም ነው ይህን የከፈትኩት። ዝርዝሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከእንግዲህ ማንም ከላፕቶፑ ቢልድ አድርጎ (ኮዱን ወደሚጫን አፕ ቀይሮ) ስቶር ላይ አይጭንም። ሪሊዝ (አዲስ እትም) ሲደርስ ኮዱ ላይ ታግ፣ ማለትም የእትሙን ስም የያዘ ምልክት፣ ይደረጋል። ጊትሃብ አክሽንስ (ኮዳችን በተቀመጠበት በጊትሃብ ላይ ሥራውን በራሱ የሚያስኬደው አገልግሎት) ታጉን አይቶ ቴስቱን ያስኬዳል፣ ቢልድ ያደርጋል፣ ይፈርማል፣ ይልካል። የመፈረሚያው ቁልፍ ከሰው ላፕቶፕ ወጥቶ ጊትሃብ ላይ ሴክሬት (የተቆለፈ ማስቀመጫ) ውስጥ ይገባል። ታግ የማድረግ ፈቃድ ለሁለት ሰው ብቻ። ረቂቁ ዓርብ ለሥራ አመራሩ ይቀርባል። ገንዘብም አለበት።

ገንዘብ ያዥ፦
ስንት?

አይፎን ክፍል፦
ሪፖው (የኮዱ ማኅደር) ዝግ ስለሆነ በነጻ የምናገኘው የአክሽንስ ጊዜ በወር 2000 ደቂቃ ነው። ማክ ላይ አንዱ ደቂቃ እንደ አስር ይቆጠራል። ለአይፎን 200 ደቂቃ ማለት ነው። ለሪሊዝ ብቻ ከሆነ ይበቃል። ፑሽ በተደረገ (ኮድ ወደ ጊትሃብ በተላከ) ቁጥር የሚነሳ ከሆነ ግን ወሩን አንዘልቅም። ደግሞ ታጉን ሰው በእጁ ያድርገው። ሌላ ዎርክፍሎ (አክሽንስ የሚያስኬደው ሥራ) በራሱ በጊትሃብ ቶክን (በሚሰጠው መግቢያ ፈቃድ) ካደረገው ቢልዱ አይነሳም።

ገንዘብ ያዥ፦
ለሪሊዝ ብቻ ይሁን። የአፕሉ የዓመት ክፍያ 99 ዶላር ዘንድሮ ከማን ኪስ እንደወጣ አትርሱ።

ዋሽንግተን፦
የታጉ ስም ምንድን ነው? እስካሁን 2025.11.2 እያልን ነው የመጣነው። የኢትዮጵያ ዘመን መቁጠሪያ አፕ ሠርተን በፈረንጅ ዓመት እንጠራዋለን። እኔ ለዚህ አልፈርምም።

አንድሮይድ ክፍል፦
ጋሼ፣ ይሄን እኮ ተጠቃሚው አያየውም።

ዋሽንግተን፦
ያየዋል። «ስለ አፑ» የሚለውን ሲነካ የመጀመሪያው መስመር እሱ ነው። እዚህ ዋሽንግተን ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጠይቀውኛል። ምን ልበላቸው?

አዲስ አባል፦
በግዕዝ አኃዝ ለምን አናደርገውም? ፳፻፲፰። ጊት ይቀበላል፣ ሞክሬዋለሁ።

አንድሮይድ ክፍል፦
ጊት ይቀበላል። ፓይፕላይኑ (ከታግ እስከ ስቶር ያለው አውቶማቲክ ሥራ) ግን አይነሳም። የታግ ስም ማጣሪያው የሚጠብቀው ከ0 እስከ 9 ያለውን ነው፤ ፳ን እንደ ቁጥር አያየውም። ታጉ ይገባል፣ ምንም አይፈጠርም፣ ከዚያ «አክሽንስ ተበላሽቷል» ብላችሁ ለእኔ ትደውላላችሁ። በሙከራው ሪፖ ላይ አራት ታግ ባንድ ፑሽ ልካችሁ እንዳደረጋችሁት። ከሦስት በላይ ባንዴ ከተላከ ጊትሃብ ጭራሽ አይቀሰቅስም።

ዋሽንግተን፦
እሺ፣ በለመዳችሁት አኃዝ ይሁን። 2018.5.1።

አንድሮይድ ክፍል፦
ወደ ኋላ መሄድ ነው። ቨርዥን ኮዱን (ፕሌይ ስቶር አዲሱን እትም ከአሮጌው የሚለይበትን ቁጥር) የምናወጣው ከታጉ ነው፣ የመጨረሻው 20251102 ነበር። ቀጥሎ 20180501 ብንልክ ፕሌይ ስቶር ይመልሰዋል።

ዋሽንግተን፦
ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀርታችኋል እያልከን ነው? ይህን ከፈረንጅ ነበር የለመድነው።

አንድሮይድ ክፍል፦
ኧረ በፈጠረዎት! ስለ ቁጥር ነው የማወራው። እኔ ከሥራ መልስ፣ ማታ ማታ፣ በነጻ ነው የምሠራው። ከፈለጉ ይምጡና ይጻፉት። ወጥቻለሁ።

ጸሐፊ፦
ሁለታችሁም ተረጋጉ። ቨርዥን ኮዱና ስሙ ይለያዩ። ኮዱ ለብቻው ይቁጠር፣ ስሙ ኢትዮጵያዊ ይሁን። አለቀ።

አይፎን ክፍል፦
አላለቀም። አፕል ስሙንም ያያል። ቀድሞ ካጸደቀው ካነሰ አይቀበልም። 2018 ደግሞ ከ2025 ያንሳል።

ዋሽንግተን፦
እንግዲያው 5500 ደምሩበትና በዓመተ ዓለም ይሁን። 7518። ከፈረንጁም ይበልጣል፣ ባሕረ ሐሳቡም የሚሰላው በእሱ ነው።

አንድሮይድ ክፍል፦
75180501። የፕሌይ ስቶር ጣሪያ 2100000000 ነው፣ ይገባል። የሚገርመው አይፎን ላይም ይሠራል። ጋሼ፣ ለቅድሙ አይቀየሙኝ።

ዋሽንግተን፦
ምን ቅያሜ አለ። እንዲያውም መጠሪያም እንስጠው። ዘንድሮ ዘመነ ማርቆስ ነው፤ ሪሊዙ «ማርቆስ» ይባል።

አዲስ አባል፦
አፑ የሂጅራም ገጽ አለው። ሙስሊም ተጠቃሚዎቻችን «ማርቆስ» ሲባል ምን ይላሉ?

ገንዘብ ያዥ፦
ይህ ይቆየን። የፓይፕላይኑን ፋይል ማን ይጽፋል? ኅዳር ላይ «እኔ አለሁ» ያለው ልጅ የት ገባ?

አይፎን ክፍል፦
መልእክቴን አይቶ ዝም ብሏል።

ጸሐፊ፦
ረቂቁን አሻሽዬዋለሁ። ርዕሱ አሁን «የሪሊዝ አሰያየም መመሪያ» ነው። በዓመተ ዓለም እንቆጥራለን። መጠሪያውን የሚመርጥ ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ይቋቋማል። ፓይፕላይኑ አባሪ ላይ ገብቷል።

ገንዘብ ያዥ፦
አባሪ? ገንዘቡን የምንጠይቀው እኮ ለእሱ ነበር። ለኮሚቴ ሻይ ቡና ሥራ አመራሩ ፊት አልቆምም።

ጸሐፊ፦
የገንዘቡ ጥያቄ እንዳለ ይቆያል፣ ማብራሪያውን አንቺ ጻፊው።

አዲስ አባል፦
ኮሚቴው ውስጥ እኔን አስገቡኝ። በሂጅራ ብናደርገውስ፣ 1447?

አንድሮይድ ክፍል፦
ያንሳል! እንደገና አትጀምሩ።