በ90 ስሄድ 4ኛ ወይስ 5ኛ ማርሽ? ነዳጁ ግራ አጋብቶኛል

ባለናፍጣው፦
ሰላም ሰዎች። የምነዳው ባለ 5 ማርሽ የናፍጣ ፎርዊል ነው፣ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር። እስከ ቅርብ ጊዜ አስፋልት ላይ በ90 ስሄድ 4ኛ ላይ ነበር የምተወው። መኪናውን የሸጠልኝ ሰው «ከ100 በታች 5ኛን አትንካው፣ ሞተሩን ያስጨንቀዋል» ስላለኝ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 11.5 ሊትር ይበላ ነበር። ከወር በፊት አንድ ጓደኛዬ አብሮኝ ሲሄድ «5ኛው ለጌጥ ነው እንዴ የተሠራው?» አለኝና እኔም ቀየርኩ። በ90 ላይ በ4ኛ ዙሩ (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው) 2500 አካባቢ ነበር፣ አሁን በ5ኛ 2200 ይላል። ጆሮዬ አርፏል፣ አጠገቤ ከተቀመጠ ሰው ጋር ሳልጮህ ማውራት ችያለሁ። ነዳጁ ግን ይቀንሳል ስል ጭራሽ 12 ገባ! ሰውየው እውነቱን ነበር ማለት ነው? ወደ 4ኛ ልመለስ?

ዳገት ወዳድ፦
አትመለስ። ማርሽ በኪሎ ሜትር ቁጥር አይመረጥም፣ በዙርና በሸክም ነው። ዙር በበዛ ቁጥር ሞተሩ የራሱን ፍትጊያ ለማሸነፍ ብቻ ተጨማሪ ነዳጅ ያቃጥላል። ቱርቦ የሌላቸው ትልልቅ ናፍጣዎች አብዛኞቹ ጥሩ ጉልበት የሚሰጡት 2000 ዙር አካባቢ ስለሆነ 2200 ላይ ምንም ጭንቀት የለበትም።

ካላመንክ ሜዳ ላይ ሞክረው። በ5ኛ እየሄድክ ነዳጅ መስጫውን ትንሽ ጨመር አድርግ። ሳያንገራግር ፍጥነት ከጨመረ ማርሹ ልክ ነው። ካጉረመረመ፣ የማርሹ ዘንግ እጅህ ላይ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ወይ እስከ ወለሉ ረግጠኸው ምንም ካልመጣ ግን ከብዶታል፣ 4ኛ አስገባለት። ዳገት ላይ ደግሞ 5ኛን ሙጭጭ አትበል። ፍጥነቱ ወርዶ ወርዶ ሞተሩ ሲያቃስት ሳይሆን ገና ዳገቱን ስትጀምር ነው ቀድመህ መቀነስ ያለብህ። በስፖኪዮ ጥቁር ጭስ ካየህ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ እያስወጣህ ነው፣ በገንዘብህ።

ካምቢዮ ፈቺ፦
ከላይ ባለው ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እንዲህ ባሉ መኪኖች 4ኛ ብዙ ጊዜ ቀጥታ ማርሽ ነው፣ 1 ለ 1። ኃይሉ በጥርስ ሳይሆን በቀጥታ ያልፋል። 5ኛ ላይ ግን በታችኛው ዘንግ ዞሮ ነው የሚመጣው፣ እዚያ ትንሽ ይባክናል። ተጎታች ስትጎትት ወይ ከባድ ጭነት ስትይዝ 4ኛ ይሻላል የሚባለውም ለዚህ ነው፣ 5ኛው ጥርስ ያን ሸክም ረጅም ሰዓት እንዲሸከም አይፈለግም።

ዳገት ወዳድ፦
ስለ ተጎታቹ ልክ ነህ። ባዶ መኪና ሜዳ ላይ ሲሄድ ግን የጥርሱ ብክነት ትንሽ ነው፣ ዙሩን በመቀነስ የምታተርፈው ይበልጣል።

ኪሎ ቆጣሪ፦
አንድ ጥያቄ። በዚህ ወር ውስጥ መኪናው ላይ ሌላ የቀየርከው ነገር አለ? ጎማ?

ባለናፍጣው፦
አዎ ጎማ ቀይሬያለሁ። 31 ኢንች ነበር፣ 33 የጭቃ ጎማ አስገባሁ። ምን አገናኘው?

ኪሎ ቆጣሪ፦
ሁሉንም ነገር! ቆጣሪህ የሚያውቀው የድሮውን ጎማ ነው። ትልቁ ጎማ አንዴ ሲዞር የበለጠ መንገድ ይሄዳል፣ ቆጣሪው ግን እንደ ድሮው ነው የሚቆጥረው። 33 ለ 31 ሲካፈል 1.065 ገደማ ነው። ስለዚህ 500 ኪሎ ሜትር ሲልህ 532 አካባቢ ሄደሃል። 500ውን በ60 ሊትር ከሄድክ 12 ይመስልሃል፣ ትክክለኛው ግን 11.3 ነው። ቀንሷል እኮ!

ደግሞ መርፌው 90 ሲል ካለፈው ወር 90 የበለጠ እየሄድክ ነው፣ ወደ 96። የአየር ግፊት በፍጥነት ካሬ ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ በ13 በመቶ ገደማ ጨምሮብሃል፣ ያውም ሳጥን የመሰለ መኪና ላይ። የጭቃ ጎማው ጥርስ የሚጎትተውን ጨምርበት። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ከቀነሰ 5ኛው ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ትልቅ ጎማ ራሱ ማርሹን እንደሚያረዝመው (ሞተሩ በዚያው ዙር መኪናውን የበለጠ መንገድ እንዲገፋ እንደሚያደርገው) ግን አትርሳ፣ አሁን 5ኛ ዳገት ላይ ቶሎ ይከብድሃል። 4ኛን በፊት ከለመድከው ቀደም ብለህ ፈልጋት።

ለሚቀጥለው ልኬት ሰልባቲዮውን ሙላ፣ ኪሎ ሜትሩን ከስልክህ ጂፒኤስ ውሰድ፣ ስትመለስ እዚያው ማደያ እዚያው መቅጃ ላይ እንደገና ሙላ። የአንድ ቀን ልኬት አትመን፣ ነፋስ ብቻውን ያዛባዋል።

ካምቢዮ ፈቺ፦
እኔም አንድ ልጨምር። ፍሪ ዊሉን፣ የፊት ጎማዎቹን ከፊት ዘንጉ ጋር የሚያገናኘውን ቁልፍ፣ ፈትተኸዋል? አስፋልት ላይ ተቆልፎ ከሆነ የፊቱን ዲፈረንሻል በከንቱ እያዞርክ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ነዳጅ ልቆጥብ ብለህ ፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) እንዳታደርግ። በማርሽ እግርህን ካነሳህ ፓምፑ ናፍጣውን ይዘጋዋል፣ ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይበላል፣ ፍሬኑም ብቻውን ይቀራል።

ባለናፍጣው፦
አሁን ወጥቼ አየሁት። ግራው ተፈትቷል፣ ቀኙ ተቆልፏል 😅 መቼ እንደቆለፍኩት እኔም አላውቅም። ፈታሁት። ፖርቶ መጋላው ላይ የተኛው ትርፍ ጎማስ፣ ይውረድ?

ኪሎ ቆጣሪ፦
በዚህ ሳምንት ጭቃ ካልገባህ አውርደው። መጀመሪያ ግን እንዳለ ለካ፣ ከዚያ አውርደህ ለካ። ሁለቱን አንድ ላይ ከቀየርክ እንደ ጎማው እንደገና ግራ ትጋባለህ።