«ገልብጦ መለጠፍ ብቻ ነው»፦ ለጀማሪ በሚጻፍ የሊኑክስ መመሪያ ላይ የተነሳ ክርክር

ሩት_ያለ_ሱዶ
ዛሬ አንድ መመሪያ አንብቤ ደሜ ፈላ። ከዊንዶውስ 10 ወደ ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ስለመሻገር ነው። እስከዚህ ጥሩ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14፣ 2025 ካበቃ ወዲህ አዲስ ሰው እየጎረፈ ነው፣ መመሪያ ያስፈልገዋል። የዋይፋዩ ክፍል ላይ ስደርስ ግን እንዲህ ይላል፦ «ተርሚናሉን ይክፈቱ። ይህን መስመር ገልብጠው ይለጥፉ። ከዚያ ፓስወርድዎን ማስገባት ብቻ ነው።»
መስመሩ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ሲለጠፍ በከርል አንድ ስክሪፕት፣ ማለትም የትእዛዝ ዝርዝር፣ አውርዶ ቀጥታ ለሱዶ ባሽ የሚያቀብል ነው፤ ባሽ ዝርዝሩን ይፈጽማል፣ ሱዶ ደግሞ ሙሉ ሥልጣን ይሰጠዋል። ስክሪፕቱ ምን እንደሚያደርግ አንድ ቃል የለም። ማን እንደጻፈው የለም። ቢበላሽ እንዴት እንደሚመለስ የለም።
ብቻ ነው! የማሽንህን ቁልፍ ለማታውቀው ሰው ማስረከብ «ብቻ» ከተባለ ከባዱ ነገር ምን ሊሆን ነው? በእኔ በኩል ለጀማሪ ያለ ማብራሪያ ሱዶ ያለበት መስመር መስጠት ነውር ነው።

ቀላል_መንገድ
ያንን መመሪያ እኔ አልጻፍኩትም። እንደሱ ያለ ግን ብዙ ጽፌያለሁ፣ ስለዚህ ዱላው እኔም ጋ ደርሷል።
እህቴ፣ ማብራሪያ ጽፌ አውቃለሁ። እያንዳንዱን ቃል ፈታሁት። ሱዶ ምንድነው፣ ፓይፕ ምንድነው፣ ምኑ ምኑ። ከሥር የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ምን ነበር መሰለሽ? «የቱን ነው የምገለብጠው?» አንባቢ የሚፈልገው ዋይፋዩ እንዲሠራለት ብቻ ነው።

ሩት_ያለ_ሱዶ
ይኸው! «እንዲሠራለት ብቻ ነው።» ቃሏ ራሷን አጋለጠች። እናንተ መመሪያ ጸሐፊዎች ያለ «ብቻ» አንድ አንቀጽ መጨረስ አትችሉም?

አዲስ_ገብ
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ያንን መመሪያ ተከትዬ ነበር። ዋይፋዩ ግን አልሠራም። ምን ላድርግ?

አርች_ነኝ
የማያነብ ሰው ሊኑክስ ጫን ያለው ማን ነው? የአርች ሊኑክስ ዊኪ ተከፍቶ ተቀምጧል። ሌላ ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት) የሚጠቀመው እንኳ እዚያው ነው የሚመጣው። አንብብ፣ ተረዳ፣ ከዚያ ጻፍ። እኔ አርች ነው የምጠቀመው፣ አንድም ቀን ከየትም ገልብጬ አላውቅም።

ቀላል_መንገድ
@አርች_ነኝ መቼ ነው አርች እንደምትጠቀም የምትነግረን ብዬ ሰዓት ይዤ ነበር። አራት አረፍተ ነገር ታግሰሃል። ተሻሽለሃል።

የደቢያን_ሰው
ልጆች፣ ታሪክ ልንገራችሁ። 2011 ላይ ባምብልቢ የሚባል ፕሮጀክት ነበር። ሁለት ግራፊክስ ካርድ ላላቸው ላፕቶፖች የተሠራ ነው። የመጫኛ ስክሪፕቱ ዩኤስአር (ፕሮግራሞች የሚቀመጡበት ዋና አቃፊ) ሥር ካለ አቃፊ አንዲት ነገር መሰረዝ ነበረበት። ጸሐፊው ከ«ዩኤስአር» ቀጥሎ አንድ ክፍት ቦታ ጣለ። አንድ ስፔስ! ስክሪፕቱ ዩኤስአርን በሙሉ ጠረገው። ክፋት አልነበረም፣ ጠላፊ አልነበረም። የተጠቃሚውም ጥፋት ፓስወርዱን ማስገባቱ ነው። ሩት «ብቻ» የሚለውን ቃል ብትጠላ እውነቷን ነው።

ቀላል_መንገድ
ጋሼ፣ በአክብሮት። እርስዎ ያንን ስክሪፕት ከመስመር እስከ መስመር ቢያነቡት ስፔሷን ያዩዋት ነበር?

የደቢያን_ሰው
አላያትም ይሆናል።

ቀላል_መንገድ
እሱን ነው የምለው። 2015 ላይም የስቲም (የጌም መደብሩ) ስክሪፕት አንድ ተለዋዋጭ ባዶ ሲሆንበት የሰዎችን ፋይል ጠርጎ ነበር። የማን ስክሪፕት ነው? የቫልቭ፣ የስቲም ባለቤት! ባለሙያ የጻፈውን ባለሙያ ሳያየው ካለፈ ለጀማሪ «መጀመሪያ ስክሪፕቱን አንብብ» ማለት ቀልድ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ጥፋቱ የስክሪፕቱ ነው፣ ዱላው ግን መመሪያው ላይ።

ሩት_ያለ_ሱዶ
ማን ነው «ስክሪፕቱን አንብብ» ያለው? እኔ ያልኩት መመሪያው ምን እንደሚሠራ ይናገር ነው። «ይህ የዋይፋዩን ካርድ የሚያሠራውን የብሮድኮም ድራይቨር ይጭናል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ እንደገና ይነሳል፣ ሲነሳ ይህን ታያለህ።» ሦስት አረፍተ ነገር። ከአርች_ነኝ ትዕግሥት አይበልጥም።

ዝም_ባይ_አንባቢ
አንድ ነገር ብቻ ልጨምር (ይቅርታ ሩት፣ «ብቻ» አመለጠችኝ)። ከድረ ገጽ ስትገለብጡ ዓይናችሁ ያየውና የተገለበጠው አንድ ላይሆን ይችላል። ገጹ በጃቫስክሪፕት ሌላ ጽሑፍ ሊተካ ይችላል። መጨረሻው ላይ አዲስ መስመር ካለበት ደግሞ ኢንተር ሳትነኩ ራሱ ይነሳል። ባሽ 5.1 በ2020 ሲወጣ የተለጠፈ ነገር ኢንተር እስኪመታ እንዲጠብቅ ተደርጓል፣ ያ ጥሩ ነው። ግን ሁሉም ሼል (እንደ ባሽ ያለ ትእዛዝ ተቀባይ)፣ ሁሉም ተርሚናል እንደዛ አይደለም። እኔ መጀመሪያ ተራ የጽሑፍ ማረሚያ ላይ ለጥፌ አያለሁ።

ቀላል_መንገድ
ማብራሪያ ይጻፍ፣ ማስጠንቀቂያ ይጻፍ ትላላችሁ። እሺ፣ ማስጠንቀቂያ ያነበበ ሰው አሳዩኝ። ኖቬምበር 2021 ላይ ሊነስ ሴባስቲያን፣ ዩቲዩበሩ ማለቴ ነው፣ ፖፕ ኦኤስ የሚባል ሊኑክስ ላይ ስቲም ሊጭን ሄደ። በመስኮቱ እምቢ ሲለው ወደ ተርሚናል ወረደ። አፕት (ፕሮግራም ጫኙ) እነዚህን ሁሉ ላጠፋ ነው ብሎ ዘረዘረለት። አደገኛ ነው አለው። ከፈለግህ «አዎ፣ ያልኩህን አድርግ!» ብለህ ሙሉውን በእጅህ ጻፍ አለው። ጻፈ። ዴስክቶፑ ከነመስኮቱ ሄደ። ከዚህ በላይ ምን ማስጠንቀቂያ ይጻፍ? በድምፅ ማጉያ ይነገር?

ሩት_ያለ_ሱዶ
እሱን ባታነሳ ይሻልህ ነበር። ለምን ጻፈው? መመሪያ ሁሉ «ከዚያ አዎ በሉ፣ ብቻ ነው» እያለ ስላሠለጠነው! ሰውየው ማስጠንቀቂያ እንዳያነብ የተማረው ከእናንተ ነው።

አርች_ነኝ
ጥፋቱ የሱ ነው። እንግሊዝኛ ያነባል፣ ስክሪኑ ላይ ተጽፏል።

የደቢያን_ሰው
ጥፋቱ የፓኬጁ (የስቲም ጥቅል) ነው። ስቲም ለመጫን ዴስክቶፕ መጥፋት አልነበረበትም። ያቺ ማስጠንቀቂያም በረዥም የፓኬጅ ዝርዝር መሀል ተቀብራ ነበር። ለዚህ ነው የፖፕ ኦኤስ ሰዎች በኋላ አፕትን ያስተካከሉት።

አርች_ነኝ
ፓክማን፣ የአርች ጫኝ፣ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ስናፕ_ጠል
ስለ አፕት ካነሳችሁ አይቀር፣ ኡቡንቱ ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ክሮሚየም» በሉና እዩ። የጠየቅከው ዴብ (የተለመደው ጥቅል)፣ የሚገባልህ ስናፕ (የኡቡንቱ የራሱ ጥቅል)! ከኡቡንቱ 22.04 ጀምሮ ፋየርፎክስም እንደዛው። ሩት «መመሪያው ምን እንደሚሠራ ይናገር» ትላለች። ኡቡንቱ ራሱ የማይነግርህን መመሪያው ከየት አምጥቶ ይንገርህ? ሚንት 20 (ሌላ ዲስትሮ) በ2020 ሲወጣ ስናፕን በሩ ላይ የመለሰው ለዚህ ነው። ጀማሪን ወደ ሚንት ላኩት፣ ክርክሩ ያልቃል።

ቀላል_መንገድ
ስናፕ_ጠል መጣ። አሁን ስለ ዋይፋይ ማውራት ቀረ።

አዲስ_ገብ
የኔ ዋይፋይ ግን አሁንም አልሠራም 🙏

ስናፕ_ጠል
@አዲስ_ገብ ሚንት ጫን።

አርች_ነኝ
@አዲስ_ገብ ዊኪውን አንብብ።

ዝም_ባይ_አንባቢ
@አርች_ነኝ ዊኪው የሚነበበው በኢንተርኔት ነው፣ እሱ ደግሞ ዋይፋይ የለውም። እንዴት ነው ነገሩ?

ቀላል_መንገድ
ሌላም አለኝ። ስክሪፕት አትመኑ የሚል ሰው ሁሉ ከዲስትሮው ይፋዊ ማከማቻ ጫኑ ይላል። ማርች 2024 ላይ ኤክስዜድ የሚባል ፕሮግራም እትም 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የኋላ በር (የሰርጎ ገብ ድብቅ መግቢያ) ተገኘ። ያ እንግዲህ ስክሪፕት አይደለም። ሁሉም የሚያምነው ፓኬጅ ነው። ከማከማቻው ነው የመጣው። ማብራሪያው ምን ሊል ነበር? «ኤክስዜድ፣ ፋይል ይጨምቃል።» እውነትም ነው! ታዲያ ማንን አዳነ?

የደቢያን_ሰው
ደቢያን ስቴብል (የተረጋጋው እትም) ላይ አልደረሰም። ገና በሙከራ ላይ ያሉት፣ ቴስቲንግና ከዚያ በታች፣ ላይ ቀረ። እኛ «አርጅታችኋል» ስንባል ዝም የምንለው ለዚህ ነው። አርች ላይ ግን ደርሷል።

አርች_ነኝ
ጋሼ፣ ደርሷል ማለትና ነክቷል ማለት ይለያያል! የአርች ኤስኤስኤች (ኮምፒውተር ውስጥ ከሩቅ መግቢያው) ከኤክስዜድ ላይብረሪ ጋር አይያያዝም። በሩ የሚከፈትበት መንገድ አልነበረም። ኤስኤስኤች ላይ ያንን ግንኙነት የሚፈጥረውን ሲስተምዲን የለጠፈው ደቢያን ነው።

የደቢያን_ሰው
ልጄ፣ ቤትህ የገባ ሌባ መብራት ጠፍቶበት ምንም አላየም ብለህ ነው የምትኩራራው?

ስናፕ_ጠል
😂😂 ጋሼ!

ሩት_ያለ_ሱዶ
ቀላል_መንገድ፣ በራስህ ምሳሌ ልመልስልህ። ኤክስዜድ እንዴት ተያዘ? አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ሰው የኤስኤስኤች መግቢያ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ዘገየበት። ግማሽ ሰከንድ! «ይሠራል፣ ምን አገባኝ» አላለም። ለምን አለ። «እንዲሠራለት ብቻ» የሚፈልግ ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሁላችንም በሩን ከፍተን ተኝተን ነበር።

ቀላል_መንገድ
እሱ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ገንቢ ነው እኮ! ማይክሮሶፍት የሚሠራ ኢንጂነር ነው። አንቺ ዋይፋይ የጠፋበትን ሰው ከሱ ጋር ታወዳድሪያለሽ?

ስናፕ_ጠል
ማይክሮሶፍት የሚሠራ ሰው ሊኑክስን አዳነ። ይህን የጻፈው ማን ነው፣ ይሰመርበት።

ዝም_ባይ_አንባቢ
አርች_ነኝ ሆይ፣ ስለ ማከማቻ ካወራን ጁላይ 2025 ላይ ኤዩአር በሚባለው የአርች ተጠቃሚዎች ማከማቻ ውስጥ ሦስት የብሮውዘር ፓኬጆች ኮምፒውተርን ከሩቅ የሚቆጣጠር ቫይረስ ይዘው ተገኝተው ነበር። አንዱ የፋየርፎክስ ማስተካከያ ነኝ ይል ነበር።

አርች_ነኝ
ኤዩአር ተጠቃሚዎች ራሳቸው የሠሩትን የሚያወጡበት ነው፣ ይፋዊ ማከማቻ አይደለም። ፒኬጂቢዩልዱን (የፓኬጁን መሥሪያ ስክሪፕት) አንብብ ተብሏል። በሁለት ቀን ተነስቷል። ያላነበበ ይቃጠል።

ሩት_ያለ_ሱዶ
«ያላነበበ ይቃጠል»? አርች_ነኝ፣ እኔ ከቀላል_መንገድ ጋር ነው የተጣላሁት፣ አንተ ግን ከሱም ትብሳለህ። እሱ ቢያንስ ሰው ሊረዳ ነው የተነሳው።

ቀላል_መንገድ
አመሰግናለሁ። ብቻ ነው?

ሩት_ያለ_ሱዶ
ብቻ ነው።

የደቢያን_ሰው
እኔ በበኩሌ ከገለበጥኩት ይልቅ በገዛ ጣቴ የጻፍኩት ነው የጎዳኝ። ዩኤስቢ ላዘጋጅ ብዬ ዲስክ ላይ በሚጽፈው ዲዲ ኤስዲቢ (ዩኤስቢውን) ማለት ሲገባኝ ኤስዲኤ (ዋናውን ዲስክ) አልኩ። አንዲት ፊደል። ዲዲ ደግሞ አይጠይቅም፣ አያመነታም። የብዙ ዓመት ፎቶ ሄደ። ስለዚህ ገልብጦ መለጠፍ አንዳንዴ ከመጻፍ ይሻላል ቢባል አልከራከርም።

ሩት_ያለ_ሱዶ
ጋሼ፣ እርስዎ ከኔ ጋር አልነበሩም እንዴ?

የደቢያን_ሰው
ነኝ። ፎቶው ትዝ ሲለኝ ነው።

አዲስ_ገብ
ይቅርታ ላቋርጣችሁ። ምናልባት የሚጠቅም ከሆነ፦ መመሪያውን ስከተል መሀል ላይ አዲስ ፓስወርድ ፍጠር አለኝ። ፈጠርኩ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ መጣ። «ፐርፎርም ሞክ ማኔጅመንት» ይላል። ፈርቼ ምንም አልነካሁም፣ ትንሽ ቆጥሮ ራሱ አለፈ። ከዚያ ጀምሮ ዋይፋይ የለም።

ሩት_ያለ_ሱዶ
አያችሁ??? ይኸውላችሁ! እስከ አሁን ስለ 2011 እንጨቃጨቃለን።
@አዲስ_ገብ ምንም አላበላሸህም። ሴኪውር ቡት (የማያውቀው ፊርማ ያለበት ነገር እንዳይነሳ የሚከለክል ጥበቃ) በርቷል። ድራይቨሩ ተጭኗል፣ ግን ኮምፒውተርህ ፊርማውን ስለማያውቀው አያስነሳውም። ያ ሰማያዊ ገጽ «ይህን ፊርማ ልመን?» እያለ ነበር። አሥር ሰከንድ ያህል ይጠብቃል፣ ካልተነካ ይሄዳል። መመሪያው ይህን አንድ አረፍተ ነገር ቢጽፍ ኖሮ ጉዳዩ ያኔውኑ ያልቅ ነበር።
አሁን እንዲህ አድርግ፦ ተርሚናል ላይ ሱዶ ሞክዩቲል በኢምፖርት ጥራና የቁልፉን ፋይል ስጠው። ፋይሉ ቫር፣ ሊብ፣ ሺም-ሳይንድ፣ ሞክ ውስጥ ያለው «ሞክ ዶት ዴር» ነው። ይህ ፊርማው እንዲታመን ወረፋ ያስይዛል፣ ሌላ ምንም አይነካም። ፓስወርድ ሁለቴ ይጠይቅሃል፤ ለአንድ ጊዜ ነው፣ የምታስታውሰውን ስጠው። ሪስታርት አድርግ። ሰማያዊው ሲመጣ ማንኛውንም ቁልፍ ንካ፣ «ኢንሮል ሞክ» በል፣ «ኮንቲኒው»፣ «የስ»፣ ፓስወርዱን፣ ከዚያ «ሪቡት»።

አርች_ነኝ
ወይም ሴኪውር ቡትን አጥፋው።

ሩት_ያለ_ሱዶ
አትስማው።

ቀላል_መንገድ
የሚገርመው እኔ ራሴ ያንን ሰማያዊ ገጽ በአንዱም መመሪያዬ ላይ ጽፌው አላውቅም። የኔ ማሽን ላይ ሴኪውር ቡት ጠፍቷል፣ አይቼው አላውቅማ። ነገ እጨምረዋለሁ። ይህ ማለት ግን ተሸነፍኩ ማለት አይደለም።

አዲስ_ገብ
ሠራ!!! ሩት እግዜር ይስጥሽ!

ሩት_ያለ_ሱዶ
ደስ አለኝ። አየህ ቀላል_መንገድ? ሲብራራለት ሰው ይገባዋል።

አዲስ_ገብ
እውነቱን ልናገር? ማብራሪያውን ዘልዬ ትእዛዙን ብቻ ነው የወሰድኩት 🙈

ቀላል_መንገድ
😂😂😂 ብቻ!

ሩት_ያለ_ሱዶ
አንተ ልጅ፣ ገደልከኝ። ቢሆንም ሰማያዊውን ገጽ በትእዛዝ አላለፍከውም፣ ያንን አንብበሃል።

ቀላል_መንገድ
«ኢንሮል»፣ «ኮንቲኒው»፣ «የስ» የሚሉትን ቃላት ነው ያነበበው። ያ ማብራሪያ አይባልም፣ መመሪያ ነው። እኔ የምጽፈው ዓይነት።

ስናፕ_ጠል
@አዲስ_ገብ ይህን የምታነበው በየትኛው ብሮውዘር ነው? ፋየርፎክስህ ስናፕ ነው አይደል?