ቬስፓ 150 ሱፐር፦ ቆሞ የከረመ ሞተርና የዛገ ወለል፣ ከየት ልጀምር?

ባለስምንት ቸርኬ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቬስፓ 150 ሱፐር ነው። የሻሲ ቁጥሩ በቪቢሲ1ቲ፣ የሞተሩ በቪቢሲ1ኤም ይጀምራል፤ ማለትም ሞተሩ የዚሁ ሞዴል ነው። ከ15 ዓመት በላይ ቆሟል። አሁን ያለበት ሁኔታ ይኸው፦

ካርቡሬተሩን አጥቤ ካንዴላ ስቀይር በ6ኛው እርግጫ ተነሳ። ወፍራም ነጭ ጭስ ያወጣል፤ እስኪሞቅ እጠብቃለሁ ብል ጭሱ አይቀንስም። ሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው) ላይ አይረጋም፣ ሲሞቅ ደግሞ ጋዙን ለቅቄው ሳለ ድምፁ ብቻውን እየጨመረ ይሄዳል። የካንዴላው እሳት ቢጫና ቀጭን ነው። 2ኛ ማርሽ ሲጫን ይዘላል። ሰልባትዮው ውስጡ ዝጓል። ወለሉ በፍሬን ፔዳሉ ዙሪያ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው።

አንድ ባትላሜራ «በስቱኮ ደፍኜ ቀለም ልቀባልህ፣ ሞተሩን በኋላ ታሠራዋለህ» ብሎኛል። ከቀለሙ ልጀምር ወይስ ከሞተሩ? ሞተሩንስ መክፈት ግድ ነው? ያለሁት አዲስ አበባ ነው።

ቮላኖ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሞተሩን ማስነሳት አቁም። የገለጽካቸው ሁለት ምልክቶች የሁለት የተለያዩ ኦይል ሲሎች (ዘይትና አየር እንዳያልፍ የሚያግዱ የጎማ ቀለበቶች) ናቸው፤ ሁለቱም ደርቀዋል።

በፍሪሲዮን በኩል ያለው ሲል የማርሽ ዘይቱን ከክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ክፍል ይለያል። ሲደርቅ ሞተሩ በሳበ ቁጥር የማርሽ ዘይት አብሮ ይስባል፤ የማያቆመው ጭስ እሱ ነው። በቮላኖው (ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚዞረው ከባድ ጎማ) በኩል ያለው ሲል ሲደርቅ ደግሞ የሚገባው አየር ነው። ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ሞተሩ ያለ ጋዝ ይጮኻል፣ ፒስተኑ ከሚገባው በላይ ይሞቃል፣ በመጨረሻም ይነክሳል (ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቆማል)። በቤንዚን ውስጥ ዘይት እየተቀላቀለ በሚሠራ ሞተር ቤንዚን አነሰ ማለት ማለስለሻም አነሰ ማለት ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የማርሽ ዘይቱን ከታች ባለው ብሎን አውጥተህ በመለኪያ ለካው። መሆን ያለበት 250 ሚሊሊትር፣ ኤስኤኢ 30 ነው። ጎድሎ ካገኘኸውና ከውጭ የሚንጠባጠብ ከሌለ ሞተሩ አቃጥሎታል።

የቮላኖው ሲል ስታቶሩ (ከቮላኖው ሥር ያለው የኤሌክትሪክ ጥቅል) ወርዶ ከውጭ ይቀየራል። የፍሪሲዮኑ ግን ካርተሩ (የሞተሩ ቀፎ) ለሁለት ሳይከፈት አይደረስበትም፣ ስለዚህ መክፈት ግድ ነው። 2ኛ ማርሽህም ስለሚዘል የምትገባበት ምክንያት ሁለት ነው፤ ማርሹን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ባለአራት ክንፍ መስቀል ጠርዙ ተበልቶ ክብ ሆኗል ማለት ነው። አዲስ መስቀል ስትገዛ የማርሾቹን የውስጥ ጥርስም እይ። ጥርሱ ከተበላ አዲሱ መስቀል ጥቂት ወር ሳይቆይ እንደ አሮጌው ይሆናል። ሲገጠሙ የማርሾቹ የጎን ክፍተት በፊለር ጌጅ ከ0.15 እስከ 0.40 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ ከበለጠ ወፈር ያለ ማስተካከያ ሮንዴላ ይገባል።

ስትከፍት ከምንም በላይ የምትጠነቀቅለት ቦታ አለ። በዚህ ሞተር ቤንዚንና አየሩን የሚከፍትና የሚዘጋው የተለየ ቫልቭ ሳይሆን የክራንክ ሻፍቱ ጎን ራሱ ነው። ካርተሩ ላይ የጣት ስፋት ያላት ለስላሳ የአሉሚኒየም ንጣፍ አለች፤ ክራንክ ሻፍቱ ሳይነካት በጣም ተጠግቷት ያልፋል። እሷ ከተጫረች ሞተሩ ሚኒሞ አይዝም፣ በቀላሉም አትጠገንም። ስለዚህ ካርተሩን በካቻቪቴ ፈልቅቀህ አትክፈት፣ በአሸዋም አታስነፋ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትቀር መጀመሪያ የምታበላሸው ያቺን ንጣፍ ነው። ንጣፏ ጤነኛ መሆኗን ለማየት ክራንክ ሻፍቱን መግቢያው እስኪዘጋ አዙረህ ጥቂት ጠብታ ዘይት በመግቢያው ጣል። ዘይቱ ቀስ ብሎ ከወረደ ደህና ነው፣ ወዲያው ከጠፋ ክፍተቱ በዝቷል።

ኩሽኔታዎቹን ሁሉ ቀይር፣ ቁጥራቸውን ከአሮጌዎቹ ላይ አንብብ። ካርተሩን በምድጃ ወይም በሙቅ አየር 100 ዲግሪ አካባቢ ብታሞቀው ኩሽኔታው በእጅ ግፊት ይገባል፤ በመዶሻ የሚገባ ኩሽኔታ ቤቱን ያሰፋዋል።

የላሜራ ነገር

የባትላሜራውን ምክር አትቀበል። በስቱኮ የተደፈነ ወለል እግርህን የምታሳርፍበት ቦታ ብቻ እንዳይመስልህ። ቬስፓ እንደ ሌላ ሞተር ብስክሌት የቱቦ ሻሲ የለውም። ነዳፊው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ በ1946 ሲወጣ ጀምሮ ላሜራው ራሱ ሸክሙን ይይዛል። የመሪውን አንገት ከኋላው አካል የሚያገናኘው ይኸው ወለልና መሃሉ ላይ ያለው ዋሻ ነው። የዛገ ወለል ማለት የዛገ ሻሲ ነው።

ቀዳዳው የፍሬን ፔዳሉ አጠገብ ከሆነ ከሥሩ ያሉት ደጋፊ ዘንጎችም በልተዋል፣ ሙሉውን ቀይር። ከመቁረጥህ በፊት ይህን ሥራ፦ 25 በ25 የሆነ ካሬ ቱቦ ከእግር መከለያው የላይኛ ክፍል እስከ መቀመጫው ማሰሪያ ድረስ በሁለት በኩል አጥብቀህ እሰር። ከመሪው አንገት እስከ ኋላ ያለውን ርቀት በግራና በቀኝ ለክተህ ጻፍ። ይህ ካልተደረገ ወለሉ ሲቆረጥ አካሉ በራሱ ክብደት ይታጠፋል፤ ከተበየደ በኋላ የፊትና የኋላ ጎማ በአንድ መስመር አይሄዱም፣ ያንን ማቃናት ከወለሉ ዋጋ ይበልጣል።

የፋብሪካ ነጥብ ብየዳዎቹን በ8 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ የላይኛውን ላሜራ ብቻ ብላ። አዲሱን በ1.2 ሚሊሜትር ላሜራ ሥራ፣ በየ3 ሳንቲሜትሩ ቀዳዳ እየሞላህ በሚግ (በሽቦ የሚበይድ ማሽን) በይድ፣ ግን ተከታታይ አትሂድ። አንድ ግራ፣ አንድ ቀኝ፣ እያቀዘቀዝክ። ሰልባትዮው ከአካሉ ወጥቶ ከክፍሉ ራቅ ማለት አለበት። ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው የበለጠ አደገኛ ነው፣ የሚፈነዳው ትነቱ ነውና።

በመሃል ዋሻው ውስጥ የማርሽ፣ የፍሪሲዮንና የጋዝ ሽቦዎች ያልፋሉ። ከብየዳው በፊት ስታወጣቸው በእያንዳንዱ ጫፍ ቀጭን ሽቦ አስረህ ሳብ፣ ቀጭኑ ውስጥ ይቅር። ያለዚያ አዲሱን ሽቦ በተቀባ አካል ውስጥ ለማሳለፍ ሙሉ ቀን ትታገላለህ፣ ቀለሙም ይጫራል።

ቀለም መጨረሻ ላይ ነው። ወለሉ ከተበየደ በኋላ ሞተሩን፣ ጉንጮቹን (የጎን መሸፈኛዎቹን)፣ መሪውን፣ ፓራፋንጎውን ሁሉ ሳይቀባ አንድ ጊዜ ግጠም። የማይገጥም ጉንጭ የሚቃናው ያኔ ነው። ከዚያ ፈትተህ አንቲሩጂኔ (ፀረ-ዝገት ቀለም)፣ ከዚያ ስስ ስቱኮ፣ ከዚያ ቀለም። የኤሌክትሪኩ መሬት የሚታሰርባቸውን ቦታዎች ከቀለም ፋቃቸው፤ መብራት የሌለው አዲስ ቬስፓ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያ ነው።

የሰልባትዮውን ዝገት በሲትሪክ አሲድ ታወጣዋለህ። በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ 100 ግራም፣ እስከ አፉ ሞልተህ 24 ሰዓት። የቤንዚን መክፈቻውን አስቀድመህ አውጣ፣ ቀዳዳውን በቡሽ ድፈን። ከዚያ በቤኪንግ ሶዳ አለቅልቀህ ወዲያው አድርቅና ዘይት የተቀላቀለ ቤንዚን አንከባልልበት። እርጥብ ካደረ በማግስቱ ዳግመኛ ይዝጋል።

ሶማሌ ተራ

ከላይ የተባለውን ሁሉ እደግፋለሁ። ግን ካርተሩን ከመክፈቱ በፊት የቮላኖውን ሲል ብቻ ቀይሮ ቢሞክር ምን ይጎዳል? ሥራው የአንድ ሰዓት ነው፣ ሲሉም ርካሽ ነው።

ስለ መለዋወጫ፦ የህንዱ ባጃጅ በ1972 ያወጣው ቼታክ መሠረቱ የቬስፓ ስፕሪንት ነው፣ ስለዚህ ከህንድ የሚመጣው ዕቃ ብዙው ይጠቅምሃል። ሽቦዎች፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፑንቲና (የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረው ማቋረጫ)። የቼታክ ሲሊንደርም 57 በ57 ሚሊሜትር (ስፋቱና የፒስተኑ ጉዞ) ነው፤ ነገር ግን ፒስተን ስትገዛ የድሮውን ይዘህ ሂድና የስፒናውን (ፒስተኑን የሚያያይዘው ዘንግ) ውፍረት፣ የመስኮቶቹን (ቤንዚንና ጭስ የሚያልፍባቸው ክፍተቶች) ቦታና የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) መቆሚያዋን እሾህ አስተያይ። የፋሻው ጫፍ በመስኮት ላይ ከዋለ ይሰበራል። ቸርኬና የፍሬን ከበሮ ግን ከቼታክ አትፈልግ፣ እሱ ባለ10 ኢንች ነው፣ ያንተ ባለ8፤ ጎማህ 3.50-8 ነው።

ካንዴላው ጥርሱ አጭር መሆን አለበት፣ 12.7 ሚሊሜትር። ኤንጂኬ ቢ7ኤችኤስ ጥሩ ነው፣ ክፍተቱ 0.6። ቢ7ኢኤስ ብለው ከሰጡህ መልስ፤ ጥርሱ 19 ሚሊሜትር ነው፣ ገብቶ ፒስተኑን ይመታል። ሁለቱ ካርቶናቸው ውስጥ አይለዩም።

ቢጫ እሳቱ ደግሞ ፑንቲናውና ኮንደንሰሩ ነው። የፑንቲናውን ፊት አጽዳ፣ በጣም በተከፈተበት ቦታ 0.4 ሚሊሜትር አድርገው። ፑንቲናው ራሱ ላይ የሚታይ ብልጭታ ከበዛ ኮንደንሰሩ ሞቷል። የስታቶሩ ገመዶች ልባስ ስትነካው የሚሰባበር ከሆነ ሁሉንም ቀይር፣ በፕላስተር አትጠቅልል። ሲሞቅ ፕላስተሩ ይለቅና ሞተሩ በመንገድ ላይ ይጠፋል።

ቮላኖ

@ሶማሌ ተራ፣ ጉዳቱ ይኸ ነው፦ የቮላኖው ሲል ሲስተካከል ሞተሩ ይረጋና ሰው ይነዳዋል፣ ጭሱም «ይለቃል» ይባላል። ማርሽ ሳጥኑ ግን በየኪሎሜትሩ ዘይት እየጎደለው ነው። 15 ዓመት የቆመ ሲል አንዱ ደርቆ ሌላው ለስላሳ አይሆንም።

ባለስምንት ቸርኬ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የማርሽ ዘይቱ 140 ሚሊሊትር ወጣ፣ ስለዚህ ከፈትኩት። ንጣፏ ንጹሕ ናት። ፒስተኑ ላይ 57.2 ተጽፏል፣ ማለትም ከ57 ሚሊሜትሩ አንዴ ሰፍቷል። ሲሊንደሩ በማርሚታው መስኮት በኩል ጥፍር የሚይዝ ጭረት አለው። ቀጣዩ የፒስተን ልክ 57.4 ነው፣ ልዘዝ? ሌላው፣ አዲስ አበባ ላይ ጂግለሩን (በካርቡሬተሩ ቤንዚን የሚያልፍበትን ባለቀዳዳ ብሎን) መቀየር አለብኝ?

ቶርኖ ቤት

ጥፍር የሚይዝ ጭረት ከሆነ 57.4 ላይ አትቸኩል። 0.1 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለውን ጭረት ለማጥፋት በዲያሜትር 0.2 ይበላል፣ የዓመታቱ መበላትም በላዩ ይታከላል። ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት ወስደህ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ አስለካ። በ57.4 የማይጠራ ከሆነ በቀጥታ 57.6 ግዛ። ፒስተኑ እጅህ ሳይገባ ግን ሲሊንደሩን አታስቆርጥ (ውስጡን በቶርኖ አታሰፋ)፤ ሲሊንደሩ የሚቆረጠው በተለካው ፒስተን ልክ ነው፣ በሳጥኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር አይደለም።

ተቆርጦ ሲመለስ የመስኮቶቹን ጠርዝ በጣትህ ዳስስ። ስለት ከሆነ በጥሩ ድንጋይ ወይም ባለ400 የብርጭቆ ወረቀት አለዝበው። ብዙ ቶርኖ ቤት ለባለቫልቭ ሞተር ስለለመደ ይህን አይሠራም፣ አዲሱም ፋሻ በስለቱ ተይዞ በመጀመሪያው ቀን ይሰበራል። ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ አስገብተህ የጫፎቹን ክፍተት ለካ፣ ከ0.20 እስከ 0.35። የፒስተኑ ቀስት ወደ ማርሚታው መስኮት ይዞራል፣ የስፒናው መያዣ ቀለበቶች ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ። የቴስታታውን (የሲሊንደሩ ክዳን) ዳዶዎች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ከ13 እስከ 18 ኒውተን ሜትር፤ ሞተሩ አንዴ ሞቆ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ድገማቸው። ካርቡሬተሩን የሚያስሩትን ሁለት ብሎኖች ግን በኃይል አታጥብቅ። አካሉ ይጣመማል፣ ጋዙ ይያዛል።

ጂግለሩን በተመለከተ፣ አዎ ይቀየራል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ አየሩ ሳስቷል፣ ለባሕር ጠረፍ የተሠራ ጂግለር ቤንዚን ያበዛል። በዴሎርቶ ካርቡሬተር ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት በመቶኛ ሚሊሜትር ነው፤ ከፋብሪካው ቁጥር ከ3 እስከ 5 ቁጥር ዝቅ በል። በ3ኛ ማርሽ ሙሉ ጋዝ ጥቂት ነድተህ፣ ጋዙን ሳትለቅ ፍሪሲዮን ይዘህ ሞተሩን አጥፋና ካንዴላውን እይ። የተቆላ ቡና ቀለም ከሆነ ልክ ነው፣ ጥቀርሻ ከሆነ አሁንም ይቀንስ፣ ነጭ ከሆነ ወዲያው ወደ ትልቁ ተመለስ።

የፋብሪካውን ጂግለር ግን አትጣለው፣ ከካንዴላ ቁልፍህ ጋር አስቀምጠው። ወደ አዋሽ ስትወርድ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል፣ አየሩ ይወፍራል፣ በአዲስ አበባው ጂግለር ረጅም ሙሉ ጋዝ ከሄድክ ፒስተኑ ይነክሳል። አዳማ ላይ ቆመህ ቀይረው።

ዘይቱ 2 በመቶ ነው፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት። «አዲስ ነው» ብለህ እጥፍ አታድርግ። ዘይቱ ሲበዛ በዚያው ጂግለር የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል፣ ሞተሩ ይሞቃል። እስከ 500 ኪሎሜትር ሙሉ ጋዝ አትስጥ፣ በአንድ ፍጥነትም ረጅም አትሂድ። ረጅም ቁልቁለት ላይ፣ ለምሳሌ ከእንጦጦ ስትወርድ፣ ጋዙን ዘግተህ በማርሽ ብቻ አትያዘው። ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር እየዞረ ያለ ዘይት ይቀራል፤ በየጥቂት ሰከንዱ ትንሽ ጋዝ ስጠው።

የላሜራ ነገር

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። የፍሬን ከበሮዎቹን ስትከፍት አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፋ። የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ነበረበት፤ በውሃ አርሰህ በጨርቅ ጥረግና ጨርቁን በላስቲክ ቋጥረህ ጣለው። የጎማውን ነፋስ ጎሚስታው በመኪና ልክ እንዳይሞላብህ፦ ፊት 18፣ ኋላ 26፣ ከኋላ ሰው ሲቀመጥ 36 ፒኤስአይ።