ለካምፕ ሥራም ለምግብም የሚሆን የማይታጠፍ ቢላ፦ የትኛውን ልውሰድ?

መንገደኛ
ሰላም ለሁላችሁ። የምፈልገው አንድ ቢላ ብቻ ነው፤ ገመድ የሚቆርጥ፣ እንጨት የሚጠርብ፣ ማታ ደግሞ ሽንኩርትና ሥጋ የሚከትፍ። ሴንጢ አልፈልግም፣ ማጠፊያው ውስጥ ስብና አሸዋ ይሰገሰጋል። ሁለት አማራጭ አለኝ። አንዱ ስለቱ 17 ሴ.ሜ.፣ ጀርባው 5 ሚ.ሜ. ውፍረት፣ ጥቁር ቅብ ያለው ካርቦን ስቲል። ሌላው 11 ሴ.ሜ.፣ 3 ሚ.ሜ.፣ ቅብ የሌለው፣ የማይዝግ። ትልቁ ጠንከር ያለ ይመስላል። ምን ትላላችሁ?

ባለሞረድ
ትንሹን ውሰድ። ጀርባው 5 ሚ.ሜ. የሆነ ቢላ ካሮት አይቆርጥም፣ ይሰነጥቃል። ስለቱ እስከ መሃል ይገባና ወፍራሙ ጎን እንደ ሽብልቅ ይገፋዋል፤ ካሮቱ ቀጭ ብሎ ይከፈላል፣ ግማሹም ከመክተፊያው ላይ ይፈናጠራል። ይህ የመሳል ጉድለት አይደለም። የፈለከውን ያህል ብትስለው ያው ነው።

የጀርባው ውፍረት ብቻውን ግን ብዙ አይነግርህም፤ ዋናው ጎኑ እንዴት እንደሚሳሳ ነው። ከጀርባው ጀምሮ እስከ ስለቱ ቀጥ ብሎ እየሳሳ የሚወርድ ከሆነ ለምግብ ይመቻል። ስካንዲ የሚባለው አሳሳል ከመሃል በታች ድረስ ውፍረቱን ይዞ ይመጣና በአንድ ጊዜ ይሳሳል። ሰፊው ጠርዝ እንጨት ላይ ተለጥፎ ስለሚሄድ ለመጥረብ የሚስተካከለው የለም፤ ጠንካራ አትክልት ላይ ግን ያስቸግራል። ሞራ ካምፓኒየን የሚባለው የስዊድን ቢላ ስካንዲ ሆኖም ወጥ ቤት የሚታገሱት ውፍረቱ 2.5 ሚ.ሜ. ብቻ ስለሆነ ነው። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ካለህ ከተሳለው ጠርዝ ወዲያው በላይ ያለውን ለካ። 0.5 ሚ.ሜ. አካባቢ ከሆነ ለሁለቱም ሥራ ይሆናል።

ሌላው ሰው የማያየው፦ ከእጀታው ፊት ወደ ታች ወጣ ያለ የጣት መከላከያ መክተፊያው ላይ ይደገፍና የስለቱ የኋላ ክፍል ሰሌዳውን ሳይነካ ይቀራል። ሽንኩርቱ ተቆርጦ ሳያልቅ እንደ ሰንሰለት ተያይዞ ይነሳል። አጭር መከላከያ ያለውን ምረጥ። ያም ሆኖ የጣት አንጓህ ሰሌዳውን ከመታ፣ እጀታው ከጠርዙ ውጭ እንዲሆን መክተፊያው ዳር ላይ ቁረጥ።

ዝገት ጠላቴ
በቅርጹ እስማማለሁ፤ ብረቱ ግን በአንድ መስመር የሚታለፍ አይደለም። ካርቦን ስቲል ቶሎ ይሳላል፣ ግን ሎሚና ቲማቲም ሲነካው ይጠቁራል፣ የብረት ጣዕምም ምግቡ ላይ ይተዋል። ግራጫው ቀለም አይጎዳም፤ ቀዩን ዝገት ነው ወዲያው የምታነሳው። ምግብ ለሚነካ ቢላ እኔ የማይዝገውን እላለሁ፦ 12ሲ27 ወይም 14ሲ28ኤን የሚባሉትን የብረት ዓይነቶች፣ ጥንካሬው ሮክዌል ሲ በሚባለው የብረት ጥንካሬ መለኪያ 57–60። «የማይዝግ» ማለት ግን ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ ያድራል ማለት አይደለም።

ጥቁሩን ቅብ ተወው። ሥጋና ድንች ላይ ይጎትታል፣ ሲሳል ደግሞ ጠርዙ ላይ እየተላጠ ይሄዳል።

አደራ፣ ፍም አትቆስቁስበት። ተራ ካርቦን ስቲል ብዙውን ጊዜ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲያልፍ መለስለስ ይጀምራል። ጫፉ የገለባ ቀለም ይዞ ቀጥሎ ወደ ሰማያዊ ከዞረ ያ ክፍል ከእንግዲህ ስለት አይዝም።

መንገደኛ
እሺ፣ ትንሹ ይሁን። ግን 3 ሚ.ሜ. ፍልጥ ላይ አይሰበርም?

ባለሞረድ
የስለቱ ብረት በእጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው ድረስ የዘለቀ ከሆነ፣ በልክ እስከሠራህበት አይሰበርም። በ11 ሴ.ሜ. ስለት ከ7 ሴ.ሜ. የማይበልጥ፣ አንጓ የሌለው እንጨት ብቻ፤ የቢላው ጫፍ ከእንጨቱ ወጣ ብሎ የምትመታው ቦታ መቅረት አለበት። ጀርባውን የምትመታው በዱላ እንጂ በድንጋይ ወይም በመዶሻ አይደለም። ሲጣበቅብህ ወደ ጎን አትጠምዝዘው፣ ቢላ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ሌላ ሽብልቅ ጠርበህ ክፍተቱ ውስጥ ምታ።

አፎት
ስለ አፎቱ ማንም አላነሳም። ጥሬ ሥጋ የነካ ቢላ ጠራርገህ ብቻ ከከተትከው ደሙ ውስጥ ይቀራል፣ ነገ ሰላጣህ ላይ ይወጣል። የቆዳ አፎት አይታጠብም፤ እርጥበት ስለሚይዝም ቢላውን ያዝገዋል። ከታች የውሃ መውጫ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ውሰድ። ቢላውን በሳሙና አጥበህ ሳታደርቅ አትክተተው።

ለመሳል የሻካራነት ቁጥሩ 400 እና 1000 የሆነ ድንጋይ ይበቃሃል፤ በየጎኑ ወደ 18 ዲግሪ። ማዕዘኑ ካልያዘልህ ጠርዙን በማርከር ቀባና ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ። ቀለሙ ከላይ፣ በጀርባው በኩል ብቻ ከለቀቀ ጀርባውን ትንሽ ቀና አድርግ፤ ከሚቆርጠው አፉ ብቻ ከለቀቀ ዝቅ አድርግ። አንዱን ጎን የምትጨርሰው በሌላው ጎን ቀጭን የብረት ከንፈር ሲሰማህ ነው፣ ከእጀታ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ። አውራ ጣትህን ከጀርባው ወደ ውጭ እየሳብክ ዳስ እንጂ በስለቱ ርዝመት አታስኪደው። ከዚያ ገልብጥ፤ መጨረሻ ላይ ከንፈሩን በቀበቶ ቆዳ ላይ ወደ ኋላ እየጎተትክ አንሳው።