ቤንዚን ለሚነካ ሰው ሽፈራው ይጠቅማል?

ባለመፍቻው፦
ሰላም ቤተሰብ። ጋራዥ ነው የምሠራው። ካርቡሬተር የማጥበው በቤንዚን ነው፣ ያውም በባዶ እጄ። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ "ማደያው መጣ" ትለኛለች። አለቃችን "ወተት ጠጣበት፣ ያረክሰዋል" ይላል። አሁን ደግሞ አንድ ጓደኛዬ የሽፈራው ዱቄት አምጥቶ "አንቲኦክሲደንት አለው፣ ዲኤንኤህን ይጠብቅልሃል" አለኝ። እውነት ነው ወይስ ሊሸጥልኝ ነው?

የሰሚቷ፦
ወተቱን እርሳው ወንድሜ። አባቴ ቀለም ቀቢ ነበሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠጥተውታል። ሳሉ ግን አልለቀቃቸውም። ይልቅ የቫይታሚን ክኒን ግዛ።

ፒፔት፦
ኧረ ክኒኑ ይቅር! ፊንላንድ ውስጥ ከ29 ሺህ በላይ አጫሾች በተሳተፉበት ጥናት፣ የቤታ ካሮቲን (ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ነው) ክኒን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1994 ነው ውጤቱ የወጣው።

ባለመፍቻው፣ ወተቱ ሆድህ ይገባል፤ የቤንዚኑ ትነት ግን በሳንባህ አልፎ ደምህ ውስጥ ነው። የት ይገናኛሉ? ቤንዚን ውስጥ ቤንዞል የሚባል ኬሚካል አለ። ጉበትና መቅኔ ውስጥ ሲፈራርስ የሚወጡት ነገሮች ናቸው ዲኤንኤን የሚጎዱት። የደም ካንሰር የሚያመጣውም በዚሁ ነው።

አንቲኦክሲደንት መርዙን እንደ ስፖንጅ የሚመጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ብሮኮሊ የሚባለው አትክልት ውስጥ ያለው ሰልፎራፌን የሚባል ንጥረ ነገር ግን ሥራው ሌላ ነው። የሰውነትን ኢንዛይሞች ያነቃል፤ እነሱ መርዙን ሰውነት ራሱ ከሚሠራው ግሉታታዮን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ያያይዙትና በሽንት ይወጣል። ቻይና ውስጥ ቺዶንግ አካባቢ ወደ 300 ሰዎች ለ12 ሳምንት ተጠንተው ነበር። የብሮኮሊ ቡቃያ መጠጥ የጠጡት በሽንት ያስወጡት ቤንዞል ካልጠጡት በ61 በመቶ በልጧል። እነሱ ግን የሚተነፍሱት ውጭ ያለውን የተበከለ አየር ነው። አንተ አፍንጫህ ጣሳው ላይ ነው!

ሽፈራውም የሀበሻ ጎመንም የዚህ ንጥረ ነገር ዘመዶች አሏቸው። እንደ ምግብ ብላቸው። ጋሻ አታድርጋቸው።

ባለመፍቻው፦
እሺ፣ ታዲያ በምን ልጠብ?

ፒፔት፦
በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ። ቤንዞላቸው ከቤንዚን በጣም ያነሰ ነው፣ ቶሎም አይተኑም። በሩን ክፈተው። ጓንት አድርግ፣ ናይትራይል ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራ ወፍራም ይሁን፤ የሐኪም ቤቱን ስስ ላቴክስ ነዳጅ ያበላሸዋል። ደግሞ በጎማ ቤንዚን በአፍህ አትሳብ።

ባለመፍቻው፦
የጎማውን ማን ነገረህ? 😄