የአሜሪካ ቻርጀር 220 ላይ ሰክቼ ፈነዳብኝ፤ ነገ ጠዋት ካቢኔት እገጥማለሁ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ

ሰሚት ካቢኔት (ጠያቂ)፣ ማታ 1፡20
ሰላም ለሁላችሁ። በጣም አስቸኳይ ነው። ወንድሜ ከአሜሪካ ያመጣልኝን የባትሪ ድሪል ቻርጀር አሁን ሰካሁት። መብራቷ አንዴ ብልጭ አለች፣ «ጧ!» አለና ብሬከሩንም ጣለው። የተቃጠለ ሽታ አለው። ባትሪው በላዩ ላይ ነበር። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የኪችን ካቢኔት መግጠም አለብኝ። 14 በር፣ 28 ማጠፊያ ነው። ባትሪውም ሞቷል ማለት ነው? ቻርጀር የሚጠግን የምታውቁ ካላችሁ ዛሬውኑ እሄዳለሁ።

ፑንታ 8፣ 1፡26
ቻርጀሩን ገልብጠህ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብብልን። «ከ100 እስከ 240» ይላል ወይስ «120» ብቻ?

ምናለሽ ተራ፣ 1፡28
አይዞህ፣ ቻርጀሩ አገሩ ናፍቆት ነው 😄 ፊውዙ ነው የሄደው። ክፈተውና ፊውዙን ቀይር፤ ያልቃል።

የድሮ አናጺ፣ 1፡41
ልጄ፣ ዕቃ እጅህ ሲገባ መጀመሪያ ጽሑፉን ማንበብ ነው፤ መሰካት ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ይሄንን ለብዙ ተለማማጅ ነግሬያለሁ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። የኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱን በትራንስፎርመር ታወርደዋለህ፤ ኸርዙን ግን ትራንስፎርመር አይቀይረውም። በእጅ የሚያዙት ድሪል፣ ራውተር (የእንጨት ጠርዝ ማውጫው)፣ ግራይንደር ካርቦን ያላቸው ሞተሮች ስለሆኑ 50 ይሁን 60 ግድ የላቸውም። ካርቦን የሌለው የቋሚ ማሽን ሞተር ግን አሜሪካ በደቂቃ 3450 ጊዜ የሚዞረው እዚህ ወደ 2875 ይወርዳል፣ ይሞቃልም። አንድ ደንበኛዬ ከዘመድ የተላከለትን የጠረጴዛ መጋዝ ይዞ መጣ። 15 አምፒር በ120 ሲባዛ 1800 ዋት። ለእሱ የሚሆነው ትራንስፎርመር ከመጋዙ ይከብድ ነበር። ስለዚህ ከውጭ ዕቃ የምታስመጡ ሁሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሰሚት ካቢኔት (ጠያቂ)፣ 1፡47
አነበብኩት። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ ነው የሚለው። ግን ያው ወንድሜ ያመጣው የስልክ ቻርጀር ይኸው ሁለት ወር ሙሉ እዚሁ ሶኬት ላይ ይሠራል! እሱን አይቼ ነው የሰካሁት። ለምን አንዱ ይችላል፣ አንዱ አይችልም? ጋሼ፣ ምክርዎን ተቀብያለሁ፤ አሁን ግን የነገውን ንገሩኝ።

ቦርድ ጠጋኝ፣ 2፡03
ወንድሜ፣ ተረጋጋ። ባትሪው ተርፎ ሊሆን ይችላል።

የኛ 220 ከፍ ዝቅ ሲል ጫፉ ላይ 311 ቮልት ይደርሳል፤ የአሜሪካው 120 ጫፉ 170 ነው። 120 ብቻ በሚል ቻርጀር ውስጥ መጀመሪያ የሚቆመው ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቃሚው) ብዙ ጊዜ 200 ቮልት የሚችል ነው። ከፊቱ ደግሞ ሳንቲም የሚያክል ክብ ነገር አለ፣ ቫሪስተር ይባላል፤ ቮልት ሲበዛ ራሱን መሥዋዕት አድርጎ ፊውዙን የሚጥለው እሱ ነው። «ጧ» ያለው እሱ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ሆኖ የመጣልኝን ስከፍት ክቧ ለሁለት ተሰንጥቃ፣ የካፓሲተሩ አናት እንደ ዳቦ ተነፍቶ፣ ክዳኑ ውስጡ ጥላሸት ለብሶ ነው የማገኘው። ስለዚህ ፊውዝ ብቻ ቀይሮ መልሶ 220 ላይ መሰካት ሁለተኛ «ጧ» ነው። ራስህ አትክፈተው፤ ቻርጀሩ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ኤሌክትሪክ ይዞ ይመታል።

ባትሪው ያለው ቻርጀሩ ውስጥ ካለው ትራንስፎርመር ወዲያኛው ወገን ነው፤ ብዙ ጊዜ አይነካም። አንሳውና እየው። ካልሞቀ፣ ካላበጠ፣ ካልሸተተ ድሪሉ ላይ አድርገህ ጫነው። ዞረ? ደህና ነው። ካበጠ ወይም ከሸተተ ግን ዛሬ ቤት ውስጥ አታሳድረው፣ ደጅ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጠው።

ቻርጀሩን እርሳው። የዚያው ምርት 220 ቻርጀር ፈልግ። ባትሪው አሜሪካም ሆነ እዚህ አንድ ነው። አሜሪካ «20 ቮልት» ብለው የሚጽፉትና ሌላው ዓለም «18» የሚለው ውስጡ ያው አምስት ሴል በተከታታይ ነው፤ ግን እዚያው አምራች ውስጥ መሆኑን አረጋግጥ። ካጣህ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ብረት ያለው ከባድ ትራንስፎርመር ግዛ፤ ለቻርጀር 300 ዋት ይበቃል። ለመንገደኛ የሚሸጡትን ቀላልና ትንንሽ መቀየሪያዎች ተዋቸው፣ ለቻርጀር አይሆኑም።

ምናለሽ ተራ፣ 2፡09
ፊውዝ ነው እያልኩህ ነው። እኔ የአንዱን ቀይሬ እስከዛሬ ይሠራል።

ቦርድ ጠጋኝ፣ 2፡11
@ምናለሽ ተራ ያ ቻርጀር 220 የሚችል ነበር ማለት ነው። ይሄኛው 120 ብቻ ነው።

ገመድ ይሻላል፣ 2፡20
እኔ መጀመሪያውኑ ባትሪ ለምን እንደተፈለገ አልገባኝም። ባለሙያ በባትሪ አይሠራም። የ220 ድሪል ከመርካቶ ግዛ፣ ካርቦኑን በየጊዜው ቀይርለት፣ ስንት ዓመት ታገለግልሃለች። የባትሪ ዕቃ ባትሪው ሲደክም ብረት ብቻ ታቅፈህ ትቀራለህ፤ አዲሱ ባትሪ የማሽኑን ግማሽ ዋጋ ነው።

ሰሚት ካቢኔት (ጠያቂ)፣ 2፡24
ቤቱ መብራት ገና አልገባለትም! ባትሪ የፈለግኩት ለዚህ ነው፣ መጻፍ ረስቼ። ድሪሉን አሁን ሞከርኩት፣ ዞሯል! ግን የባትሪው ሙላት አንድ መስመር ብቻ ነው የሚያሳየው።

ገመድ ይሻላል፣ 2፡27
ታዲያ ጄኔሬተር ተከራይ።

የወይራ እጅ፣ 2፡38
አራተኛ ፎቅ ጄኔሬተር ተሸክሞ? ወንድሜ፣ እኔ መብራት የሌላቸው ኮንዶሚኒየሞች ብዙ ገጥሜያለሁ፤ ዛሬ ማታ ይሄንን አድርግ። ሥራ ቦታህ መብራት አለ አይደል? የማጠፊያውን 35 ሚሊ ጉድጓድ 28ቱንም አሁኑኑ በገመድ ድሪል አውጣ። ማጠፊያዎቹን በሮቹ ላይ እሰር። የሳጥኖቹ ላይ መቀመጫቸውንም እዚያው ለክተህ እሰር። የእጀታውን ቀዳዳ እዚያው ብሳ። ነገ ቤቱ ውስጥ የሚቀርህ ግድግዳ መብሳትና ሳጥን ከሳጥን ማሰር ብቻ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ በዚያች አንድ መስመር ባትሪ አትሞክረው፣ ትጨርስብሃለች፤ ከጎረቤት ግንባታ መዶሻ ያለው የባትሪ ድሪል ለአንድ ሰዓት ተዋስ። ያንተን ባትሪ ለብሎን ብቻ ቆጥብ። በሮቹን ካቻቢቴ ይዘህ በእጅህ ታስተካክላለህ፤ እንደውም ለኤም ዲ ኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ለተጨመቀው ጣውላ) የእጅ ይሻላል፣ ድሪል ብሎኑን አዙሮ አፉን ያሰፋዋል።

ሥራው እንዳለ ሆኖ አንድ የሚቆጨኝን ልበል። ጠያቂው ያነሳው ነገር ትልቅ ነው። የስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ይችላል፣ የላፕቶፕም እንደዚያው። በርካሽ የሚሸጥ የስልክ ቻርጀር የቻለውን የድሪል ቻርጀር ለምን አይችልም? አምራቾቹ አንድ ቻርጀር ለመላው ዓለም ይሥሩልን። የኛ ሰው ዕቃ የሚያገኘው ከዘመድ ሻንጣ ነው፤ ከአሜሪካ፣ ከዱባይ፣ ከጀርመን። ዕቃው ድንበር ይሻገራል፣ ቻርጀሩ ግን አይሻገርም።

ቨርጂኒያ ጋራዥ፣ 3፡05
እህቴ ልክ ብለሻል። እኔ እዚህ ሆኜ ለወንድሞቼ የላክኩት ሁለት ቻርጀር እንዲሁ ሆኗል። እዚህ ሱቅ ገብተሽ 220 የሚችል ስትጠይቂ ሻጩ ራሱ ጥያቄው አይገባውም። ዩኤስቢ ሲ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መስፈርቱ እስከ 240 ዋት ይፈቅዳል፤ ይሄ ከብዙ የድሪል ቻርጀር ይበልጣል። በዩኤስቢ ሲ ባትሪ የሚሞሉ አንዳንድ ቻርጀሮች ወጥተዋል። እኔ የምመኘው ቀዳዳው ባትሪው ራሱ ላይ እንዲሆንና ሁሉም አምራች እንዲያደርገው ነው። ያኔ ቻርጀር መላክ ይቀራል።

ለምትልኩ ሁሉ፦ ትርፍ ባትሪ ከታች በሚጫን ሻንጣ አይገባም፣ በእጅ ነው የሚያዘው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ፈቃድ ያልፋል። ባለ 18 ቮልት 5 አምፒር ሰዓት ሲባዛ 90 ነው፣ ያልፋል። 6ቱ 108 ስለሚሆን አየር መንገዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ገመድ ይሻላል፣ 3፡12
እሺ፣ ምኞት ከሆነ የኔም ይኑር። ባትሪ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን። ሦስት ምርት ያለው ሰው ሦስት ባትሪ፣ ሦስት ቻርጀር ይሸከማል። ሜታቦ የሚባለው የጀርመን ማሽን አምራች በ2018 እ.ኤ.አ. ከሌሎች አምራቾች ጋር ሆኖ አንድ ባትሪ የጋራ አድርጓል፤ ትልልቆቹ ግን አሁንም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አጥር አጥረዋል። ያ አጥር ቢፈርስ እኔም ባትሪ እገዛ ነበር።

ጎማ መዶሻ፣ 3፡15
ለዛሬ ማታ ከሆነ የላፕቶፕ ቻርጀር 19 ቮልት ነው። ሽቦውን ቆርጠህ ባትሪው ጫፍ ላይ ያዘው፣ ይሞላል።

ቦርድ ጠጋኝ፣ 3፡17
እንዳታደርገው! ሰሚት፣ ይሄንን እንዳታደርግ። አምስቱ ሴሎች ሲሞሉ እያንዳንዳቸው 4.2፣ በድምሩ 21 ቮልት ናቸው። ቻርጀሩ ከባትሪው ጋር እየተነጋገረ ሙቀቱንና ሙላቱን እያየ ነው የሚሞላው፤ ላፕቶፑ ይሄን ሁሉ አያይም። ሊቲየም አንዴ ከተቀጣጠለ በጨርቅ አይጠፋም፣ አንተ ደግሞ ያለኸው ኮላና ቫርኒሽ መሃል ነው። @ጎማ መዶሻ ወንድሜ፣ እባክህ ያንን ጽሑፍ አንሳው።

ጎማ መዶሻ፣ 3፡24
እኔ ለመርዳት ብዬ ነው። አነሳዋለሁ።

የዋንዛ ልጅ፣ 3፡40
ስለ ምኞት ካነሳችሁ እኔም ይቆጨኛል። መብራት ለሚሄድበት አገር ተብሎ የተሠራ ማሽን የለንም። ባለፈው ክረምት ራውተሬን ጠረጴዛ ሥር ገልብጬ አስሬ የዋንዛ ጣውላ ጠርዝ እያወጣሁ ነበር፣ ማብሪያው እንደበራ ተቆልፎ። መብራት ሄደ። ጣውላውን አነሳሁ፣ ጠርዙን በጣቴ እየዳበስኩ ብርጭቆ ወረቀት ልፈልግ ዞርኩ። የፑንታው አፍ ላይ የቀረውን ልጥ ላነሳ እጄን ስሰድ መብራት መጣ። ማሽኑ ጮኾ ተነሳ። የቀኝ ሌባ ጣቴ ጫፍ ጥፍሩን ይዞ ሄደ። አንድ ጣት ዝቅ ብል ኖሮ አሁን ይሄንን አልጽፍም።

ቋሚ ማሽኖች ላይ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ አለ፤ መብራት ከሄደ መልሰህ ካልጫንከው አይነሳም። በእጅ የሚያዙት ላይም ይሄ ያላቸው አሉ፤ ሻንጣ ውስጥ የሚደርሱን ርካሾቹ ላይ ግን የለም። አሜሪካ ውስጥ ሶውስቶፕ የሚባለው የጠረጴዛ መጋዝ ጣት ሲነካው በ5 ሚሊ ሰከንድ ይቆማል፤ ያን ያህል ቴክኖሎጂ አልጠየቅንም። መብራት ሲመጣ የማይነሳ ቁልፍ ብቻ፣ እያንዳንዱ ርካሽ ራውተር ላይ። እስከዚያ እኔ ኮንታክተር (መብራት ሲሄድ የሚለቅ፣ ካልጫኑት የማይነሳ ማብሪያ) ያለው ሳጥን ሠርቼ ራውተሩን በሱ ነው የምሰካው።

የወይራ እጅ፣ 3፡52
እግዚአብሔር ይማርህ ወንድሜ። የሳጥኑን ሥዕል ብትለጥፍልን ብዙ ሰው ይጠቀማል። እኔ ደግሞ የብናኝ ቱቦ አፍ አንድ ልክ ቢሆን እመኛለሁ። ሳንደሩ (ማለስለሻው) አንድ ልክ፣ መጋዙ ሌላ ልክ፤ በፕላስተር ስጠቀልል ነው የምውለው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ከሚባሉት አንደኛ ምድብ ውስጥ ነው ያስገባው፤ አፍ አፍንጫችንን በነጠላ ሸፍነን ለምንሠራ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የድሮ አናጺ፣ 4፡10
የዋንዛው ልጅ፣ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ሶኬቱን መንቀል ነው። ቁልፍ ይኑረውም አይኑረው። ይሄንን ለሁላችሁም ነው የምለው።

የዋንዛ ልጅ፣ 4፡13
እውነትዎን ነው ጋሼ። አሁን እነቅላለሁ።

ፑንታ 8፣ በማግስቱ 11፡30
ሰሚት፣ ተገጠመ ወይ? ባትሪዋ ደረሰችልህ?

ምናለሽ ተራ፣ ማታ 1፡00
ፊውዙን ቀይሮት ይሆናል።

አያት አልጋ ሥራ፣ ከሦስት ቀን በኋላ
ይቅርታ፣ እኔም ተመሳሳይ አለኝ። እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ ቻርጀር ከሥሩ «ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ይላል፤ ሶኬቱ ግን ጠፍጣፋ ሁለት እግር ነው። ትራንስፎርመር ልግዛ?

ቦርድ ጠጋኝ
አያስፈልግህም። የሶኬት አዳፕተር ብቻ ግዛ፣ የማይላላ ይሁን።